በሙዝ የምትሄደው ኮሮላ

ሚዛን ተፈሪ ላይ ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ የሙስዓብ ኮሮላ ከአባቱ ሱቅ ደጃፍ ንቅንቅ አላለችም። መጀመሪያ አቧራ ለበሰች። ቀጥሎ የሰፈሩ ልጆች አቧራው ላይ በጣታቸው ስማቸውን ጻፉባት። በመጨረሻ የጎረቤት ዶሮ ከሥሯ ገብታ እንቁላል ታቅፋ ተገኘች። ከዚያ ወዲያ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እየቆመ፣ «ሙስዓብ፣ ጫጩቶቹን ወዴት ልታደርሳቸው ነው?» እያለ ያላግጥበት ጀመር።

ሙስዓብ ለቀልድ መልስ የሚሰጥ ዓይነት ልጅ አይደለም። ዝም ብሎ በሩን ከፍቶ ይገባና መሪውን ይዞ ይቀመጣል። ሞተሩ ሳይነሳ በሐሳቡ የሸኮን ዳገት ይወጣል፣ ቴፒ ገብቶ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ጭኖ ይመለሳል። አንዳንዴ ሳያስበው ማርሽ ሲቀይር ይያዛል።

አባቱ አባፎጊ ይህን ሁሉ ከባንኮኒው ኋላ ሆነው ያያሉ። ከጅማ በኩል መጥተው ሚዛን ላይ ጨርቅ፣ ጨውና ሳሙና ሲሸጡ ያረጁ፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ልጃቸው አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ሲቀር ሱቅ አስገቡት። ሙስዓብ ለሁለት ዓመት ስኳር ለጠየቀው ጨው እየሰፈረ፣ ዓይኑን ከአስፋልቱ ላይ ሳይነቅል ኖረ። በስተመጨረሻ አባቱ መረራቸውና ይህችን ያገለገለች ኮሮላ ገዝተው ቁልፉን ሰጡት። መንገድ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆነ። ሰዓት አክባሪ፣ ተሳፋሪ የሚወደው፣ ዳገቱንና ኩርባውን በስም የሚያውቅ ሾፌር ወጣው።

አሁን ግን ማደያው ደርቋል። ሰልፍ ቢይዝ፣ ተራው ሲደርስ «አልቋል» ይባላል። በየመንገዱ በላስቲክ የሚሸጠውን ቢገዛ፣ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ያገኘው ለነዳጁ አይበቃም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አባፎጊ ጠሩት።

«መኪና የሚሠራ ከሆነ መኪና ነው» አሉ። «የማይሠራ ከሆነ የዶሮ ቤት ነው። የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ገሠሠ ከቴፒ ይመጣል። ሊገዛት ይፈልጋል።»

«አባ፣ ቤንዚን እኮ…»

«ልጨርስ። እኔም ተሳፍሬ፣ ያለ ሰልፍ ቴፒ ካደረስከኝ አልሸጣትም። ቃሌ ነው። ካልሆነ ገሠሠ ይወስዳታል፣ አንተም ወደ ሱቅህ ትመለሳለህ።»

ጨርቅ ስታጥፍ የነበረችው እህቱ ላምያ ቀና አለች። እሱ ከወጣ ወዲህ ሱቁን የምታንቀሳቅሰው እሷ ነበረች።

«እሱ ተመልሶ ከገባ እኔ እወጣለሁ» አለች። «አባ፣ እዚህ ሳለ ለሙሽራ ልብስ የመጣችውን ሴት ሳሙና ሰጥቶ ነው የሸኛት።»

«ዝም በይ።»

«እሺ፣ ዝም ብያለሁ። አንተ ግን እባክህ መኪናህን አስነሳ» አለችው ለወንድሟ በሹክሹክታ።

ሙስዓብ ያን ዕለት ማታ እራቱን በቅጡ አልበላም። «ወደ ሱቅህ» የምትለዋ ቃል ከጆሮው አልወጣችም።

አንድ መላ አስቦ ነበር፤ ለማንም ያልነገረው፣ ሰው ይሰማኛል ብሎ ስላላመነ ነው። በሌላ አገር ከሸንኮራ በተጣራ አልኮል የሚሄዱ መኪናዎች እንዳሉ በስልኩ አንብቧል። አንብቦም አልቀረም። አዲስ አበባ መለዋወጫ ከሚሸጥ ልጅ ጋር ተጻጽፎ፣ ከኪሱ ያጠራቀመውን ሁሉ ልኮ፣ አንዲት የሞተር ኮምፒዩተር አዝዟል። ዕቃዋ በሸሚዝ ተጠቅልላ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ሚዛን ገባች። የሳሙና ካርቶን የምታክል ጥቁር ሳጥን ናት፤ ከጎኗ እንደ ጎመን ሥር የተንዘረፈፈ ሽቦ አላት።

ነገሩ ለሚገባው ሰው ከባድ አይደለም። አሮጌው ኮምፒዩተር የሚያውቀው የቤንዚንን ልክ ብቻ ነው። አልኮል ሲቃጠል ከቤንዚን ያነሰ ጉልበት ስለሚሰጥ፣ ሞተሩ ከለመደው አብዝቶ መውሰድ አለበት። አዲሷ ሳጥን በአሮጌው ቦታ ትገባና፣ ሞተሩ በስንት ዙር ሲሽከረከር ስንት ነዳጅ እንደምትረጭ በስልክ ትታዘዛለች። ጭስ ማውጫው ላይ የተተከለች ሴንሰር ደግሞ «በዛ» ወይም «አነሰ» እያለች በስልኩ ላይ ትናገራለች። ሙስዓብ ዶሮዋን ከነእንቁላሏ በቅርጫት ለባለቤቷ መልሶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ሥራ ጀመረ። ሽቦውን አንድ በአንድ ቀጠለ፤ አልኮል ያቀልጣቸዋል የተባሉትን የጎማ ቱቦዎች ቀየረ፤ አዲስ ፊልትሮ አስገባ።

የቀረው አልኮሉ ነበር። ሚዛን ውስጥ አልኮል ማለት አረቄ ነው፤ አረቄ ማለት ደግሞ እትዬ በየነች ናቸው።

እትዬ በየነች ከገበያው በታች፣ የሙዝ ተራው ጫፍ ላይ ነው ቤታቸው። ነጋዴ የጣለውን የጠቆረ ሙዝ በርካሽ ሰብስበው፣ ጠንስሰው፣ አረቄ ያወጣሉ። ሙስዓብን በሩ ላይ ሲያዩት ማማሰያቸውን እንደያዙ ቆሙ።

«አንተ የአባፎጊ ልጅ አይደለህም እንዴ? ምነው፣ መንገድ ጠፋህ?»

«አረቄ ፈልጌ ነው፣ እትዬ። ከሁሉም የበረታውን። ዳግም የወጣውን።»

«ለምንህ?»

«ለመኪናዬ ነው።»

እትዬ በየነች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንዱ ለእግሬ ማሻ ነው ይለኛል። ሌላው ለበሬዬ መድኃኒት ነው ይለኛል። ለመኪና ነው ያለኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ! በል ግባ፣ ማንም አላየህም።»

«እውነቴን ነው እኮ።»

«እሺ፣ እውነትህን ነው። ሁሉም እውነቱን ነው።»

ከእንስራው ሥር ጥቂት በሲኒ ቀድተው ክብሪት ጫሩበት። ሰማያዊ ነበልባል ብድግ አለ። የአረቄ ልክ በዚህ አገር የሚታወቀው እንዲህ ነው። ከነደደ ጠንካራ ነው፤ ካልነደደ ውኃ ነው፤ ሌላ መለኪያ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ሙስዓብም ነበልባሉን ሲያይ ተስፋው ተቀጣጠለ። እሳት የያዘ ነገር ሞተር ያስነሳል ብሎ ጀሪካኑን ሞልቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት የነዳጅ ማጠራቀሚያው ሰርባቶ ውስጥ በተረፈችው ቤንዚን ላይ አረቄውን ገለበጠው። ሞተሩ ሲነሳ ሰፈሩ ወጥቶ አጨበጨበ። ከሱቁ ደጃፍ ተነስቶ በአስፋልቱ ወረደ፤ ወደ ሸኮ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ከከተማው እንደወጣ፣ የመጀመሪያው ዳገት ወገብ ላይ፣ ኮሮላዋ እንደታነቀ ሰው ሁለት ጊዜ ተንፈራፍራ ቀጥ አለች። ማስነሻ ሞተሪኖውን ቢያሽከረክር፣ በስልኩ ልኩን ቢጨምር፣ ቢቀንስ፣ ወይ ፍንክች። ቡና ጭነው የሚወርዱ አህዮች ከነባለቤቶቻቸው ቆመው አዩት።

«ምን ሆነች?» አለ አንዱ።

«አላወቅሁም።»

«አፏ አረቄ አረቄ ይላል» አለ ሰውዬው ጭስ ማውጫውን አሽትቶ። «ትተኛና ይለቃት ይሆናል።»

ወደ ኋላ እያንደረደረ ከተማ ገባ። ፊልትሮውን ፈትቶ ውስጡ የነበረውን ብርጭቆ ውስጥ ሲያንጠባጥበው ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየው። ብርጭቆው ውስጥ ሁለት ነገር ነበር። ከላይ ቢጫ ቤንዚን ተንሳፍፏል፤ ከሥር ድፍርስ ውኃ መሰል ነገር ተኝቷል። በመሃላቸው ክር የመሰለ መስመር አለ። ቢያናውጠው ይቀላቀልና ወዲያው ይለያያል። አረቄው ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። ውኃው ከቤንዚን ጋር አልስማማ ብሎ ወደ ሰርባቶው ሥር ወርዶ፣ ፓምፑም የመጠጠው እሱኑ ነው። ነበልባሉ አልዋሸም፤ ግን ግማሽ ውኃ የያዘ ነገርም እንደሚነድ ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት አባፎጊ ከመስጊድ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ጀሪካን ተሸክሞ ከበየነች ቤት ሲወጣ ያየው ሰው ጠፍቶ ኖሯል?

«በየነች ቤት ገብተህ ነበር?»

«አዎ፣ አባ።»

«ጀሪካን ይዘህ ወጣህ?»

«አዎ።»

«ውስጡ ምን ነበር?»

ሙስዓብ መዋሸት አይሆንለትም። «አረቄ።»

«አንተ ደግሞ!» አለች ላምያ ከኋላ። «ትንሽ እንኳ አስበህ ብትመልስ ምናለበት?»

«ለሞተሩ ነው፣ አባ። ወላሂ፣ ጠብታ አልቀመስኩም።»

አባፎጊ ጫማቸውን አወለቁ፤ ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር።

«እንዳልቀመስክ አውቃለሁ» አሉ። «ግን ሰው የሚጠጣው ነገር ነው። ነገ አንዱ ከጀሪካንህ ቀድቶ ቢሰክር፣ ያሰከረው የእኔ ደጃፍ ነው። ሰው የሚጠጣውን ነገር ይዘህ በዚህ በር አታልፍም። እሱን በጫነች መኪና ላይም እኔ አልቀመጥም።»

እሳቸው ካልተቀመጡ ደግሞ ቴፒ የለም። ቴፒ ከሌለ ሱቅ ነው። ሙስዓብ ግን ተስፋ አልቆረጠም። አሁን ሁለት ነገር ማድረግ እንዳለበት ገባው። አንደኛ ውኃውን ማውጣት፣ ሁለተኛ ደግሞ አባቱ ሊቀመጡበት የሚችሉት ነገር ማድረግ። ሁለተኛውን በምን እንደሚፈታው አላወቀም። በመጀመሪያው ጀመረ።

ብየዳ ቤት ሄዶ ከእሱ ቁመት የሚበልጥ የብረት ቱቦ አስቆረጠ። ከተቃጠለ ዲናሞ የተፈታ የመዳብ ሽቦ ለምኖ፣ እሳት ላይ አቃጥሎ፣ አጥቦ፣ እንደ ወፍ ጎጆ እያድበለበለ ቱቦውን እስከ አፉ ጠቀጠቀው። ይህን ተሸክሞ እትዬ በየነች ቤት ሲደርስ ሴትዮዋ አፋቸውን ያዙ።

«ምንድን ነው እሱ? መድፍ ነው?»

«አረቄ የሚያፈሉበት በርሜል ላይ የምንተክለው ነው። እንፋሎቱ በዚህ ሲወጣ ውኃው ሽቦው ላይ ቀዝቅዞ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። አልኮሉ ብቻ ነው አናቱ ላይ የሚደርሰው።»

«እና የእኔ አረቄ ምን ጎደለው?»

«ግማሹ ውኃ ነው፣ እትዬ።»

«አንተ! ውኃ ቀላቀልሽ ነው የምትለኝ? እኔን በየነችን?»

«አልቀላቀሉም! በራሱ ይዞት ነው የሚወጣው…»

ለማስረዳት ብርጭቆውን ከኪሱ አወጣ። ከእንስራቸው አረቄ አስቀዳና ጥቂት ቤንዚን ጨመረበት። ቤንዚኑ ከላይ ተንሳፈፈ፤ መስመሯ ተሰመረች። እትዬ በየነች ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው፣ ዘቅዘቅ እያደረጉ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ዘመኔን ሙሉ በእሳት ስፈትነው ኖሬ» አሉ በመጨረሻ፤ ተናደው ሳይሆን ተገርመው ነበር። «በል ትከለው መድፍህን።»

ሥራው ቀላል አልነበረም። ቱቦው የሚሠራው እሳቱ ሲለዝብ ነው፤ እትዬ በየነች ደግሞ እሳት ካዩ ማራገብ ይወዳሉ። እሱ የቡና ገለባውን በእፍኝ እየቆጠበ ይጨምራል፤ እሳቸው ዘወር ሲል በቁና ይደፉበታል። እንፋሎቱ እየተንፏቀቀ መውጣቱ ቀርቶ ውኃውንም ይዞ ይወጣል። ብርጭቆው ውስጥ መስመሯ ትመጣለች። እንደገና ከመጀመሪያው።

«እትዬ፣ እባክዎን እሳቱን ይተዉት።»

«እንዲህ እያዘገመ መቼ ሊወርድ ነው? ደንበኞቼ አንጀታቸው ደርቆ ሊሞቱ ነው!»

«ለደንበኛ አይደለም እኮ።»

«ለመኪና ነው፣ አውቃለሁ። መኪናም እንዲህ አይጠብቅም።»

ሌላም ችግር ነበር። እትዬ በየነች አረቄ መቼ እንደሚቆም የሚያውቁት በምላሳቸው ነው። ጥንካሬው ሲቀንስ ቀምሰው ያቆማሉ። ከዚህ ቱቦ የሚወርደው ግን ምላሳቸውን አቃጥሎ አደነዘዘው፤ ጠንካራውን ከደካማው መለየት አቃታቸው። ሙስዓብ ደግሞ የሚቀምስ ሰው አይደለም። ሁለቱም ከቱቦው ሥር ቁጭ ብለው የሚንጠባጠበውን ሲያዩ ቆዩ። አንደኛዋ መቅመስ አይችሉም፤ ሌላው አይቀምስም።

«ብርጭቆው ይቅመስልን» አለ ሙስዓብ።

ካለ በኋላ ነው የተናገረው ነገር የገባው። ብድግ አለ።

«ምን ሆንክ?»

«ቤንዚኑን ለምን መጨረሻ ላይ እንጨምራለን? ከሥር እናስቀድመው! ጀሪካኑ ውስጥ በላስቲክ ከሚሸጠው ጥቂት ቤንዚን ቀድሞ ይጠብቀው። የሚወርደው ሁሉ፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ ጭምር፣ ቤንዚን ውስጥ ይውደቅ። በየመሃሉ በብርጭቆ እንፈትናለን። መስመር የመጣች ጊዜ ማውረጃውን ቱቦ ከጀሪካኑ እናወጣና የቀረውን ወደ በርሜሉ እንመልሳለን።»

«እንዴ! ይህን ሁሉ ደክሜ እንዳይጠጣ ልታደርገው?»

«አዎ፣ እትዬ!» አለ ሙስዓብ፤ ከደስታው ብዛት እጃቸውን ያዛቸው። «እንዳይጠጣ ነው የምፈልገው!»

እሳቱን ለእሱ ለቀቁለት። ቤንዚኑ እሳት እንዳይነካው የማውረጃውን ቀጭን ቱቦ በግድግዳው ቀዳዳ አሳልፎ፣ ጀሪካኑን ከበርሜሉ አርቆ ከቤት ውጭ ጥላ ሥር አስቀመጠ። ከተጠነሰሰው ሙዝ ተነስቶ በአንድ ጉዞ የሚወርደው ነገር እንደ ጤዛ ቀጭን ነበር። ብርጭቆውን እያነሳ ወደ ፀሐይ ያያል፤ ንጹሕ፤ አንድ ወጥ፤ መስመር የለም። ቀን በቀን ላይ እየተደመረ ጀሪካኑ ሞላ። የወሩ መጨረሻ ቅዳሜም ደረሰ።

አቶ ገሠሠ ከቴፒ በሚኒባስ መጡ። ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ድምፃቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚገባ ትልቅ ሰው። መኪናዋን ነድተው ሊመለሱባት በእጃቸው የቤንዚን ጀሪካን ይዘው ነበር።

«አባፎጊ! ዶሮ ቤትዎን ልወስድልዎ መጣሁ!»

«ቆይ» አሉ አባፎጊ። ሙስዓብ ጠዋት ሁሉንም ነግሯቸዋል። አሁን ተነስተው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ያላየሁት ነገር ላይ አልፈርድም። በየነች ቤት ውሰደኝ።»

ላምያ የያዘችውን ጨርቅ ጣለች።

አባፎጊ በቀን ብርሃን፣ በገበያው መሃል አልፈው፣ ወደ አረቄ ቤት ሲወርዱ የሙዝ ተራው ነጋዴ ሁሉ ሥራውን አቁሞ አያቸው። እሳቸው ግራ ቀኝ አላዩም። አጥሩ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ አልገቡም። እትዬ በየነች ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ አንገታቸውን ደፉ።

«እንደምን ዋሉ፣ አባፎጊ? ደጃፌን አከበሩልኝ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ በየነች። ልጄ እዚህ የሠራውን ነገር አሳዪኝ።»

ብርጭቆውን አመጡላቸው። አባፎጊ ወደ አፍንጫቸው አቅርበው ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ። የቤንዚን ሽታ ነው።

«ይህን ሰው ይጠጣዋል?»

«የጠጣ ሰው ካለ ቀብሩ ላይ እንገናኛለን» አሉ እትዬ በየነች።

«ቤንዚን ሳይገባበት የሚወርድ አለ?»

«አንድ ጠብታ የለም» አለ ሙስዓብ። «ከቱቦው እንደወጣ ቤንዚን ውስጥ ነው የሚወድቀው።»

«ከቱቦው በፊትስ?»

«ከቱቦው በፊት የበሰበሰ ሙዝ ነው፣ አባ።»

አባፎጊ ብርጭቆውን መለሱ። «የበሰበሰውንም ቢሆን አልወደድኩትም» አሉ። «ግን ይህ መጠጥ አይደለም። ነዳጅ ነው። እቀመጥበታለሁ።» ሊመለሱ ዞረው እንደገና ቆሙ። «ጁምዓ ግን በዚህች መኪና መስጊድ አታደርሰኝም። በእግሬ እሄዳለሁ።»

«እሺ፣ አባ።»

ሙስዓብ ሰርባቶውን አጥቦ ሞላ። ሞተሪኖው ሁለቴ ዞሮ ሞተሩ ተነሳ። አባፎጊ ከኋላ ተቀመጡ፤ አቶ ገሠሠ ጀሪካናቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው ጋቢና ገቡ።

«ይህ ለማንኛውም ነው» አሉ ጀሪካኑን መታ መታ እያደረጉ። «ዳገቱ ላይ ስትቆም ያስፈልገናል።»

ከከተማው ወጥተው ያችን የመጀመሪያ ዳገት ሲይዙ ሙስዓብ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጣለ። ባለፈው የቆመችበትን ቦታ አለፈች። ወደ ሸኮ የሚያወጣው ረጅሙ ዳገት ሲጀምር ግን መሳል ጀመረች። ትስላለች፣ ትጎተታለች፣ ትስላለች። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ወረደ፤ ወደ አንደኛ። ሕፃን ያዘለች ሴት በእግሯ ደርሳባቸው አለፈቻቸው።

«አሁን አውጣት ዳር» አሉ አቶ ገሠሠ በደስታ። «ቤንዚኔን እንጨምርላት።»

ሙስዓብ ዳር አወጣት።  ሙስዓብ ግን ሳሉ ባለፈው እንደሰማው ዓይነት እንዳልሆነ ጆሮው ነግሮታል። ያኔ ታንቃ ነበር፤ አሁን ግን ርቧታል። እሱ ልኩን ያስተማራት ሱቁ ደጃፍ ቆማ ስለነበር፣ ዳገት ላይ ምን ያህል መርጨት እንዳለባት ኮምፒዩተሯ አልተማረችም። ሊያስተምራት የሚችለው ደግሞ ዳገት እየወጣች ብቻ ነው። እየነዳ በስልኩ ልኩን ማስተካከል አይችልም። አባቱ መንዳት አያውቁም።

ወደ አቶ ገሠሠ ዞረ። «ጋሽ ገሠሠ፣ ይንዱልኝ።»

«እኔ?»

«መንዳት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ነዳጅ ይርገጡ፣ እኔ በስልኩ አስተምራታለሁ።»

«መኪናዋ እንዳትሸጥልኝ እኔው ራሴ ልርዳህ?»

«ሊገዛት የመጣ ሰው ነድቶ አይሞክርም እንዴ?»

አባፎጊ ከኋላ ሳል መሰል ነገር አሰሙ። ሳቅ ነበር።

አቶ ገሠሠ እያጉረመረሙ መሪውን ያዙ። ሙስዓብ ጎናቸው ተቀምጦ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተከለ። «ይርገጡ… ይጨምሩ… እንዳይለቁ!» ሴንሰሯ «አነሰ» ትላለች፤ እሱ በጣቱ ይጨምራል። ገና አነሰ፤ ይጨምራል። «ሁለተኛ ያስገቡ!» በዛ፤ ይቀንሳል። ሳሉ እየሳሳ ሄደ፤ በጥርስ መሃል እንደማፏጨት ሆነ፤ ከዚያ ጠፋ። ሞተሩ ጎርነን ያለ፣ ሙሉ ድምፅ አወጣ። አቶ ገሠሠ ሦስተኛ አስገቡ። ሕፃን ያዘለችውን ሴት ደርሰው አለፏት።

«ኧረ!» አሉ አቶ ገሠሠ። «ኧረ ይቺ ነገር ትጎትታለች!»

«ቀስ ይበሉ፣ ኩርባ አለ።»

«ተወኝ እባክህ! ላያት ነው!»

ሸኮን እስኪያልፉ መሪውን አልለቁም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙስዓብ ለምኖ ነው የተቀበላቸው። ዝናብ ጥሎ ያባራበት የቡና ማሳ በግራ በቀኝ እየተብለጨለጨ ሲያልፍ፣ አባፎጊ መስኮቱን ዝቅ አድርገው የጭሱን ሽታ ሁለት ጊዜ አሸተቱ።

ቴፒ ማደያው አጠገብ የቆመው ሰልፍ መጨረሻው አይታይም። ኮሮላዋ በጎኑ ስታልፍ ሾፌሮቹ አንገታቸውን አወጡ። አቶ ገሠሠ ቤታቸው ደጃፍ ሲደርሱ ከመኪናው አልወረዱም። ዳሽቦርዱን ዳሰሱ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ዞሩ።

«አባፎጊ፣ ዋጋውን ይጥሩ። ከተነጋገርነው በላይ እሰጥዎታለሁ። ልጅዎ ከፈለገ ሌላ ይገዛል፣ ሳጥንም ሌላ ይገጥማል። ይቺን ግን እኔ ልውሰዳት።»

ሙስዓብ መሪውን ጨበጠ። ይህን አላሰበበትም ነበር። ካልሄደች ትሸጣለች ብሎ ሲፈራ፣ ስለሄደች ልትሸጥ ነው። አባቱ ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሻለ ዋጋ መልሰው አያውቁም።

አባፎጊ በሩን ከፍተው ወረዱ። ወገባቸውን ይዘው ተንጠራሩ። በኮፈኑ ዙሪያ ዞረው ሙስዓብ በተቀመጠበት መስኮት በኩል ቆሙ።

«ልጁን ካመንኩ በኋላ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ ገሠሠ?» አሉ። «መኪናዋ የእሱ ናት። እሱን አናግረው።»

አቶ ገሠሠ ወደ ሙስዓብ ዞሩ። ሙስዓብ ግቢው ውስጥ ወደቆመች ፒክአፕ አየ። 

«አይሸጥም፣ ጋሽ ገሠሠ። ግቢዎ ውስጥ ያለችው ፒክአፕ ግን ነዳጇን በኮምፒዩተር የምትረጭ ኢንጄክሽን ናት አይደል? ሳጥን ያስመጡላትና እኔ እገጥምልዎታለሁ። ዳገቱ ላይ ደግሞ እርስዎው ይነዱልኛል።»

አቶ ገሠሠ ፒክአፗን አዩ፤ ሙስዓብን አዩ፤ ጀሪካናቸውን አንስተው ወረዱ። «ሙዙን ከየት ነው የምናመጣው?» አሉ፤ ነገሩ ባይጥማቸው ይህን አይጠይቁም ነበር።

አባፎጊ ጋቢና ተቀምጠው መናኸሪያው ሲደርሱ በሚኒባስ እጦት ከጠዋት ጀምሮ የቆሙ ሰዎች መኪናዋን ከበቧት። አንዲት የቡና ጆንያ የተሸከመች ሴት በመስኮቱ አጎነበሰች።

«ሚዛን ነህ?»

«ሚዛን ነኝ።»

«ነዳጅ አለህ? መንገድ ላይ እንዳትጥለን።»

ሙስዓብ ሊመልስ አፉን ሲከፍት አባፎጊ ቀደሙት። «ግቢ፣ ልጄ» አሉ፤ ከጋቢና ወደ ኋላ ተዛውረው ለጆንያዋ ቦታ እየለቀቁላት። «ያደርሰናል።»

ሰው ተጨናንቆ ገባ። ሙስዓብ ስልኩን መሪው አጠገብ አስቀመጠ፤ የሸኮ ዳገት ከዚህ በኩል ይብሳል። ማርሽ አስገባና ወጣ።